ትከሻማውና ቱቦው

መስከረም 14

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለችኩሌ፤

ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ እጅህንም ከስለትና ከብሎን ይሰውርልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምርና ወደ እውነቱ ልግባ። እናትህ ከጉልበቷ ቁርጥማት በቀር ጤነኛ ናት። አምና የላክህላትን የሩቅ መነጽር ይዛ በረንዳው ላይ ተሰይማ ትውላለች። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያዛጋ ሳይቀር ቆጥራ ትነግረኛለች። «ትንሽ ድንግዝግዝ ይላል» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ዓይንሽ ነው እላታለሁ፤ ትቆጣኛለች። ለመንገደኛው ሁሉ «ልጄ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው፣ የሠራው ይኸው» እያለች ታሳያለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የደን ጥበቃው መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ መጥቶለታል። ሰውዬው የሰደድ እሳት መጠበቂያ ማማዎቹ ላይ ያሉትን ሠላሳ ስድስት መነጽሮች አውርዶ በኪሎ ሊሸጥና በምትካቸው ሠላሳ ስድስት አዲስ ሊገዛ ቆርጦ ተነስቷል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠገናቸውን፣ አሁን እኔ የምጠግናቸውን ማለቴ ነው። ታውቃለህ፣ ይቺ ከግቢው ጥግ ያለች ክፍል ለአባቴ የተሰጠችው በዚህ ሥራ ምክንያት ብቻ ነው። መነጽሮቹ ከሄዱ ክፍሏም ትሄዳለች። አንተም እኔም ብሎን መፍታት የተማርንበት ጠረጴዛ፣ የመነጽሩን ሁለት በርሜል አቅጣጫ የምናስማማበት ግድግዳው ላይ የተሰመረው መስቀለኛ መስመር፣ የእኔም ሃያ ዓመት፣ ሁሉም ውጪ።

ቢሮው ሄድኩ። አንዱን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይሄ ትከሻማ ነገር የሙዚየም ዕቃ ነው» አለኝ። አባቴ ራሱ «ትከሻማው» ይለው እንደነበር አላወቀም። «አዲሱ እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀላል ነው፤ ዝናብ አያስገባም።»

«ውስጡስ?» አልኩት።

«ውስጡ ምን ያደርግልሻል? የሚታየው በውጭ አይደል?»

እንደዚህ ለሚል ሰው ምን ትላለህ? በመጨረሻ እንድተወው ብሎ ይሁን ደክሞት፣ ጥር ላይ ሁለቱን ማማ ላይ አውጥተን እናወዳድር አለ። ስለዚህ ብር አልለምንህም፣ ልብስም አትላክልኝ። የቱቦውን ሆድ አስረዳኝ። እኔ የትከሻማውን አንጀት ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤ ቱቦ ግን አባቴ ሳይከፍትልኝ ነው ያለፈው። የምገጥመውን ማወቅ አለብኝ።

እህትህ

—

ጥቅምት 9

ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ የእናቴ ጉልበት እኔን ይመመኝ። ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ቆሜ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ፀጉሬን እንደ ዳቦ ጋጋሪ ሸፍኜ፣ አቧራ እንዳይከተለኝ በሁለት በር አልፌ ነው የምገባው። አጎቴ ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር።

ስለ ቱቦው ልንገርሽ። ትከሻማው ውስጥ ብርሃኑ በሁለቱ ባለ ማዕዘን ብርጭቆዎች፣ በፕሪዝሞቹ፣ አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ወደ ጎን ስለሚሄድ በርሜሉ ትከሻ ያወጣል። ይህን ከአንቺ በላይ አላውቅም። ቱቦው ውስጥም ሁለት ፕሪዝም አለ፤ ግን ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው፤ ብርሃኑ እዚያው ውስጥ ተሽከርክሮ በገባበት መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንደኛው ፕሪዝም ጀርባው እንደ ቤት ክዳን ሁለት ተዳፋት ነው። ብርሃኑ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከግራው ተዳፋት ወደ ቀኙ፣ ግማሹ ከቀኙ ወደ ግራው ዘሎ መልሶ ይገናኛል። ሲገናኝ ግን እርምጃው እኩል አይሆንም። ተኳርፈው አንድ ቤት እንደሚኖሩ ባልና ሚስት ነው፤ ምስሉ አለ፣ ጥርት ግን አይልም። ለዚህ ብለው ክዳኑ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይቀቡታል። እኔ በልቤ «ማስታረቂያ» እለዋለሁ። ሌላው፣ ከገጾቹ አንዱ ብርሃን በራሱ ስለማይመልስ መስታወት መቀባት አለበት። አሉሚኒየም ከሆነ ከመቶ አሥር ያህሉ እዚያው ይቀራል፤ ብር ሲሆን ያነሰ ነው፤ ውዱ ድርብርብ ሽፋን ሲሆን ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል።

ማስታረቂያ መኖር አለመኖሩን ሳትከፍቺ የምታውቂበት ዘዴ ላስተምርሽ። ነጸብራቅ የሚያጠፋውን ዓይነት የፀሐይ መነጽር ፈልጊና ሁለቱን ብርጭቆ አውጪ። አንዱን ከፊት ሌንሱ ፊት፣ ሌላውን ከዓይን ማያው ኋላ አድርጊና መነጽሩን ከፊትሽ ራቅ አድርገሽ ሰማይ ላይ አነጣጥሪ። አንዱን ብርጭቆ ቀስ እያልሽ አዙሪው። ዓይን ማያው ላይ የምትታየው ትንሿ የብርሃን ክብ መሐል ለመሐል ተከፍላ ግማሿ ከጨለመ፣ ግማሿ ከበራ፣ ማስታረቂያ የለም። ሁለቱም ግማሽ እኩል ከሆነ አለ።

ግን እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥሩ ቱቦ ትከሻማውን ያስንቃል። ክፍሏን ልቀቂላቸው። መሐል ከተማ ንጹሕ ሱቅ ተከራይተሽ የንባብ መነጽር ሽጪ፤ እኔም አግዝሻለሁ። ዓይንሽን እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትጨርሺው።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 30

ለችኩሌ፤

ሰላምና ጤና ካለህበት ይድረስህ። ለትምህርቱ እጅህ ይባረክ። ለምክሩ ግን፣ ምን ቆርጦኝ! የንባብ መነጽር ልሽጥ? ሰው አፍንጫ ላይ ክፈፍ እያስቀመጥኩ «ያምርብዎታል» ልበል?

አንተ የትከሻማውን ትከሻ እንደ ጉድለት ቆጠርከው። የፊት ሌንሶቹ ከዓይናችን ተራርቀው ስለተቀመጡ እኮ ነው ሩቅ ያለው ዛፍ ከኋላው ካለው ዛፍ ተለይቶ የሚታየው። ቱቦው ዛፉን ሁሉ አንድ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። አራቱም መታጠፊያ ደግሞ መስታወት አይፈልግም፤ ባዶው ብርጭቆ ራሱ ብርሃኑን በሙሉ ይመልሳል። አይቀባም፣ አይላጥም፣ አያረጅም። ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ ካጣላ በኋላ ማስታረቂያ ቀቢ የሚል ጣጣም የለበትም።

ነውሩንም አልደብቅም። ስታስተካክለው የዓይን ማያው ወጣ ገባ ስለሚል ጤዛ ይስባል። ከጠረጴዛ ከወደቀ ፕሪዝሙ ከመቀመጫው ይናወጥና ሰውዬው አንዱን ጭስ ሁለት አድርጎ ያያል። ይኼን የማውቀው እኔ ስለምጠግነው ነው። የሚጠገን ነገር መሆኑ ደግሞ ስድብ አይመስለኝም። ቱቦው ሲበላሽ ምን ይደረጋል? ይጣላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለጨረታ የቀረበው ናሙና ሣጥን ላይ ጭልፊት ተሥሏል፤ ከሥሩ የማጉያውና የሌንሱ ቁጥር፣ ስምንት በአርባ ሁለት፣ ተጽፏል። እናትህ አልጋ ሥር ያለው የእሷ ሣጥንም ያው ጭልፊት፣ ያው ቁጥር ነው። የእናንተ ፋብሪካ ነው እንዴ? ከሆነ ማስታረቂያው አለው ወይስ የለውም? በአንድ ቃል መልስልኝ። እናትህ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መነጽሯን ከእጇ አታወጣልኝም፤ ልብስ ሰፊው ሚስት ሊያገባ ነው መሰለኝ፣ ጥበቃ ላይ ናት።

እህትህ

—

ጥር 2

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? በመዘግየቴ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ከዚህ ጋር ለእናቴ የአንገት ልብስ ልኬያለሁ፤ ሞቃት ነው፣ ጉልበቷም ላይ ብታደርገው ይሆናታል።

ስለ ጭልፊቱ የጠየቅሽኝ፣ ጭልፊት የሚሥል ፋብሪካ ብዙ ነው። እትዬ፣ ነገሩን ብትተዪው ይሻላል። ኃላፊ ከሆነ ሰው ጋር ግብግብ ምን ያደርግልሻል? የሙከራው ቀን ግን መቼ ሆነ?

ወንድምሽ

—

ጥር 21

ለችኩሌ፤

ጤና ይስጥህ። ለሁለት ወር ጠብቄ ያገኘሁት መልስ ከአንገት ልብሱ ያጠረ ነው። እናትህ አንገቷ ላይ አድርጋው ደስ ብሏታል።

ሙከራው ጥር 16 ሆነ። ጠዋት ማማው ላይ ወጣን፤ ኃላፊው፣ ሦስት የግዢ ኮሚቴ አባላት፣ ከሁሉም ረጅም ዘመን ያገለገሉት አዛውንቱ ማማ ጠባቂና እኔ። ሸለቆው ላይ ጉም ተኝቷል። ማዶ ኮረብታው ሥር አንድ ጠባቂ እርጥብ ቅጠል እያጨሰ እንዲጠብቅ ተነግሮታል፤ ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ግን አልተነገረንም። ከጉም ውስጥ ጭሱን አጥርቶ ያሳየ መነጽር ያሸንፋል።

አዛውንቱ በትከሻማው አዩ፤ «አለ፣ ከቋጥኙ በስተቀኝ» አሉ። ቱቦውን ሰጠናቸው። ቀስ ብለው አስተካከሉት። ከዚያ «ይኼኛውም ያሳያል። እንዲያውም ይጠራል» አሉ። ሽማግሌው መዋሸት አይችሉም። እኔም አየሁ። ጭሱ ከጉሙ እንደ ክር ተለይቶ ወጣ። ኃላፊው ፈገግ አለ። ከዚያ ሁሉ ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ተሸንፌያለሁ አልኩ፤ ልክ ነው፣ ጥሩ ቱቦ ጥሩ ነው፣ ወንድሜ ነግሮኝ ነበር አልኩ።

ቤት ስገባ እናትህ መነጽሯን ይዛ አንቀላፍታለች። ቀስ ብዬ ወሰድኩትና ያንኑ ኮረብታ ከበረንዳው አየሁበት። ድንግዝግዝ ያለ ነው። ያው ጭልፊት፣ ያው ስምንት በአርባ ሁለት። የእሷ ዓይን እንዳይመስልህ፤ የእኔም ዓይን ነው ያየው። ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቃት ያልከውን ዓይነት የፀሐይ መነጽሬን ሰብሬ ብርጭቆዎቹን አወጣሁና እንዳስተማርከኝ አደረግሁ። ክቧ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀች፤ ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ብርሃን።

በማግስቱ የንብረት ክፍሉን ሰው ለምኜ ናሙናውን ለአንድ ቀን ተዋስኩ። በናሙናው ሁለቱም ግማሽ እኩል ነው። አንድ ሣጥን፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት ሆድ። ናሙናውን ከፈትኩት። ውሃ የማያስገባው ላስቲክ ላይ የብሎን ፈቺ ጭረት ነበር፤ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ገብቷል። ፕሪዝሙን አወጣሁ።

በሸካራው ጎኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈች ቀስት አለች፤ ከጎኗ ነጥብ። አባቴ ፕሪዝም ሳናወጣ በፊት ሸካራው ጎን ላይ ጫፏ ወደ ውጭ፣ ወደ ፊት ሌንሱ የምታይ ቀስት እንድንሥል ያስተምረን ነበር፤ ለቀኙ በርሜል ነጥብ። አንተ ሁሌ ስለምትቸኩል ገልብጠህ ወደ ዓይን ታደርጋት ነበር። «እንደገና ገለበጥካት፣ አንተ ችኩል!» እያለ ስንት ዓመት ጮኸብህ፤ ስምህም ከዚያ ነው የወጣው። ይቺ ቀስት ወደ ዓይን ነው የምታየው።

ናሙናውን ያሳመርከው አንተ ነህ። ሠላሳ ስድስቱ ሲመጡ እንደ እናትህ መነጽር ድንግዝግዝ ያሉ ይሆናሉ። ጉምና ጭስ የማይለይ ሰው ማማ ላይ ምን ሊጠብቅ ነው? ደግሞ ለማታውቃቸው ሰዎች የገጠምከውን ጥሩ ፕሪዝም ለወለደችህ አልገጠምክላትም።

ኮሚቴው የካቲት 15 ይፈርማል። አንተው ራስህ ጻፍላቸው። ካልጻፍክ ሁለቱን መነጽር ይዤ እገባለሁ። አንገቴን ደፍቼ ቁልፍ የማስረክብ እንዳይመስልህ።

እህትህ

—

የካቲት 1

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አዎ፣ ቀስቷ የእኔ ናት። እጄ ነው የጻፋት፤ እኔ አላሰብኳትም።

አለቃዬ «ናሙናው አምሮ ይውጣ» አለኝ። ከውዱ የምርት መስመር ማስታረቂያና የብር ቅብ ያለውን ፕሪዝም አምጥቼ ገጠምኩ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሉም ያደርገዋል። ለእናቴ የላክሁት ከመደርደሪያ ያነሣሁት ነው፤ አልፈተንኩትም፤ ይህን ስታነሺብኝ ልቤ ቁርጥ ብሏል። ናሙናው ወዴት እንደሚሄድ ግን አውቄ ነበር፤ አልዋሽሽም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ወረቀቱ ላይ አይቼዋለሁ።

ለምን አደረግኸው ልትዪኝ ነው? አጎቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ጎብጦ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ለአንድም ቀን «እናመሰግናለን» ሳይባል ነው የሞተው። አንቺም በዚያው ጠረጴዛ ላይ እየጎበጥሽ ነው። ከዚያ የሚያወጣሽ ሰው ከጠፋ እኔ ላውጣሽ አልኩ። አሁንም አልተጸጸትኩም።

አልጽፍም። ብጽፍ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ አለቃዬን ማንም አይነካው። እናቴን አስቢያት። የሚገባኝ ቢሆንም ባይሆንም፣ በእኔ መኩራቷ ብቻ ነው ያላት። እሱን አትውሰጂባት።

ወንድምሽ

—

የካቲት 16

ለችኩሌ፤

በሕይወት ያኑርህ። ትናንት የሆነውን ሳላሳጥር እጽፍልሃለሁ።

ጠዋት መነጽሯን እንድታውሰኝ እናትህን ጠየቅኋት። «ለምን?» አለችኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አቃተኝ። ደብዳቤህን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ጫማዬን አቀብዪኝ» አለች። በዚያ ጉልበቷ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አትጠይቀኝ።

ኮሚቴው ፊት ሁለቱን መነጽር፣ የእናትህንና ናሙናውን፣ አስቀመጥኩ። ሁለቱን ብርጭቆ ሰጠኋቸውና ተራ በተራ መስኮቱ ጋ ሄደው አዩ። «ይሄ ግማሹ ጨለማ ነው» አለ አንዱ። ሌላውም እንደዚያው አለ። ስለ ማስታረቂያው አስረዳኋቸው፤ ባልና ሚስቱንም ጨምሬ፤ ሳቁ። ኃላፊው ግን አልሳቀም።

«ናሙናውን ከፍተሽዋል» አለኝ። «አንቺ ፕሪዝም መቀየር ትችያለሽ። ክፍልሽ እንዳትወሰድ ስትዪ አንዱን አሳምረሽ አንዱን አበላሽተሽ ብታመጪብንስ? ከአንቺ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን አለ?»

ስምህ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ጥርሴን ነከስኩ። «የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔ አይደለም፤ ከዚህ በላይ አልናገርም» አልኩ።

«እንግዲያውስ የአንቺ ነው» አለ። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። እናትህ ተነስታለች። «አቁም፣ ልጄ» አለችው ጸሐፊውን። «ናሙናውን ከፍታችሁ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ላይ ያለችውን ቀስት ተመልከቱ። ወንድሜ ወደ ውጭ ሥሏት ብሎ ሲያስተምር ወደ ዓይን ገልብጦ የሚሥል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ወልጄዋለሁ። እዚያ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ለእኔ የላከው ይሄ የጨለመው ነው፤ ለእናንተ ያሳያችሁ ያ የበራው ነው፤ የሚያመጣላችሁ ግን የእኔን ነው። ይጻፍ።»

ጸሐፊው «ስሙን ማን ልበል፣ እናቴ?» አላት።

«ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አለችና ስምህን ከነአባትህ ፊደል በፊደል አስጻፈችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ግዢው ተሰርዟል። ኃላፊው ለክፍሏ «ለጊዜው ትቆይ» ብሏል። ለጊዜው ይበል፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከፈለገ መጥቶ ከኪሴ ያውጣው። አዛውንቱ ማማ ጠባቂ በር ላይ እጄን ይዘው «ነገ አንዱን አመጣልሻለሁ፤ ቀኙ ጤዛ ጠጥቷል» አሉኝ።

በመንገድ ላይ እናትህ ክንዴን ተደግፋ ሄደች። ከዚያ «እጁ ግን እንዴት ያምራል! አየሽ እንዴት አድርጎ እንደገጠመው?» አለችኝ። ቤት ስንደርስ ገብታ ተኛች። ዛሬ በረንዳው ላይ አልወጣችም። እኔ በአንተ አፍሬያለሁ፤ ተናድጃለሁም። እሷ ግን ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።

እህትህ

—

የካቲት 16

ለእትዬ፤

ፈጣሪ ደግ ደጉን ያሰማሽ። መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልሽ፤ ያለፈው ደብዳቤዬ ከእጄ ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትናንት ፈርመው ይሆናል፤ አንቺም ገብተሽ ተናግረሽ ይሆናል፤ አላውቅም።

ዛሬ ሥራ ስገባ ወደ እናንተ የሚላኩት ሠላሳ ስድስት ሣጥኖች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ፊርማዬን ይጠብቃሉ። አንዱን አነሳሁና በሁለቱ ብርጭቆ አየሁት፤ ግማሹ ጨለማ። ሁለተኛውን አየሁ። ሠላሳ ስድስቱንም አየሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «አላለፈም» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ እየሮጠ መጥቶ «ምን ነካህ?» አለኝ። «እኔን ምንም አልነካኝም፤ ናሙናውን የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩት፤ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ደስ ሲል! ነጩን ጋውን አውልቄ ሣጥኖቹ ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

ለመሥሪያ ቤታችሁም በራሴ እጅ፣ በሙሉ ስሜ ጽፌ ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ። አንቺ ስላስፈራራሽኝ እንዳይመስልሽ። ስለ ክፍሏም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ መጥቼ ፊት ለፊት እንጨቃጨቅበታለን። ግን የማያሳይ ነገር ላይ ያሳያል ብዬ ስሜን አልጽፍም። ፋብሪካው ይወቅ፣ ኮሚቴው ይወቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይወቅ፤ ግድ የለኝም።

እናቴ ግን እንዳትሰማ። ልጄ ተቆጣጣሪ ነው እያለች የምትውል ሴት ናት። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ የሚሆነውን ፊቷን ማሰብ አልችልም። እኔ ራሴ መጥቼ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እስክነግራት ድረስ፣ አደራሽን እትዬ፣ ምንም እንዳትነግሪያት።

ወንድምሽ